ጡሩምባ ካልጮኸ አልነሳም ያለው አሳምረው

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጨው ሻጯ አልጣሽ ናት። እሷ ደግሞ ከደብሪቱ ከራሷ አፍ ነው የሰማችው። አልጣሽ ጨው ስትሰፍር ታጎድል ይሆናል እንጂ ወሬ ላይ አታጎድልም። እኔም የሰጠችኝን ሳልቀንስ ይኸው አቀብያለሁ፤ ከጨመርኩም ለማጣፈጫ ያህል ነው።

ታች ጠንበሬ ወንዝ አላት ይባላል እንጂ ወንዟ አሸዋ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ፣ ነጥቶ ይተኛል። በርበሬ ሲለቀም አገሬው በርበሬውን ተሸክሞ እዚያው አሸዋ ላይ ሰሌን አንጥፎ ያሰጣል። ጭቃ የለ፣ አቧራ የለ፤ ፀሐይ ከላይ፣ አሸዋ ከታች ሆነው ያደርቁታል። እንግዳ ሰው ያይና ወንዝ ውስጥ በርበሬ ይሰጣል ወይ ብሎ ይስቃል። ይሰጣል። ጣጣው፣ ከገደሉ በላይ ያለው መንደር፣ ላይ ጠንበሬ፣ ሲዘንብ ነው። ታች ፀሐይ እያቃጠለ፣ ከገደሉ አፍ ጎርፍ ይነሳል። አሸዋው ጋ ለመድረስ ሽንኩርት ተከትፎ እስኪቁላላ እንኳ አይፈጅበትም።

ለዚህ ነው ሳጥኑ የተተከለው። ገደሉ አፍ ላይ ውሃ የሚያይ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውሃ ሲያይ ኮረብታው ላይ ላለው የኔትወርክ ማማ ይነግራል፤ ማማው ወንዙ ዳር ለተሰቀለው ጡሩምባ ይነግራል፤ ጡሩምባው ይጮሃል፤ ሰዉ በርበሬውን ሰብስቦ ከወንዙ ይወጣል። በሽቦ አይደለም፣ በአየር ነው የሚነጋገሩት። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ሲወራ ቀላል ነው።

የደብሪቱ ባል አሳምረው በርበሬውን ከፍየል እየጠበቀ አሸዋው መሃል በቀለሳት ዳስ ውስጥ ይተኛል። ጉልበቱን ያመዋል። ለመነሳት ራሱን የቻለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ደግሞ ሞተው አልቀዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በላይ ጠንበሬ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ደብሪቱ አየችው። የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ባሏ ከአሸዋው እንዲነሳላት። በርበሬ በዓመቱ ይበቅላል፤ ባል፣ ያውም የለመዱት ባል፣ አይበቅልም።

«ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ላይ ጠቁሯል» አለችው።

«ላይ መች ጠቁሮ የማያውቀውን።»

ባለፈው በእሷ ቃል ተነስቶ፣ ያልደረቀውን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ ጠብታ ሳትመጣ በርበሬው ሻግቶ ቀርቷል። መንደሩም ስቆበታል። «ያንቺን አፍ ሰምቼ በርበሬዬን አሻገትኩ። ከእንግዲህ የምሰማው ጡሩምባውን ነው» አለና ወደ ሌላው ጎኑ ዞረ።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ።

ደብሪቱ ወደ ጡሩምባው ሄደች። ጡሩምባው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ እንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ አፉን ወደ ወንዙ ከፍቶ ዝም ብሏል። የሚያያት ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ጩህ እንጂ፣ ሰው ሊያልቅ ነው አለችው። ጡሩምባው፣ እኔ አፍ እንጂ ዓይን የለኝም፣ ማማው ንገር ሲለኝ ነው የምጮኸው አላት። ተረት ነውና ይላል።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ኮረብታውን ወጣች። ማማው እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። ንገረው እንጂ ለጡሩምባው አለችው። ማማው፣ እኔ የሰማሁትን የማደርስ ነኝ፣ ከሳጥኑ የመጣ ቃል የለም፣ ቃል ሳይመጣ ባወራ ውሸታም እባላለሁ አለ። ከማማው ሥር ዘይነባ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዘይነባ የሳጥኑና የጡሩምባው ባለሙያ ናት፤ ከከተማ መጥታ ታች ጠንበሬ ከከረመች ቆየች።

«ዘይኑ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺው በእጅሽ አስጩኺልኝ» አለቻት ደብሪቱ።

«እማማ፣ አንዴ በባዶ ከጮኸ በሌላው ቀን ማን ይነሳለታል? የእርስዎ ቃል ምን እንደሆነ አይተዋል።»

ነገሩ ደብሪቱን ወጋት፤ ግን እውነት ስለሆነ ዋጠችው።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ።

ሳጥኑስ ምን ነክቶት ነው ብላ ጠየቀች፤ እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ። ዘይነባ ሳጥን አይተኛም አለች። ነገሩን በኛ አፍ አስረዳቻት። ከማማው ወደ ታች መናገር አይከብድም፤ ማማው ጉሮሮው ሰፊ ነው። ጭንቁ ከታች ወደ ማማው ማሰማቱ ላይ ነው። ሳጥኑ በትንሽ ባትሪ የሚኖር፣ ጉሮሮው የቀጠነ ነው። ደግሞም ጨዋ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ዘሎ አይናገርም። መጀመሪያ ልናገር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ማማው ተራህ ነው ሲለው ይናገራል። ሌላ ቀን ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ያልቃል። ዛሬ ግን ልናገር ወይ ማለቱ ራሱ በጫጫታ ተውጦ ይሆናል አለች። ይሆናል ነው ያለችው፤ ውሃ ስለሌለ ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዝምታ ከሩቅ አይለይም።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ። ሳጥን አልናገርም አለ፣ ተራ ካልሰጡኝ።

ተራውን ታዲያ ማን በላው አለች ደብሪቱ። ዘይነባ በአገጯ አመለከተቻት። ኮረብታው ሰው በሰው ሆኗል። ታች ጠንበሬ ስልክ እንደልብ የሚይዘው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ላይ በጠቆረ ቁጥር መንደሩ ኮረብታውን ይወጣና ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ጠንበሬ ይደውላል፤ ዘነበ ወይ ለማለት። ያን ቀንም ስልኩን ጆሮው ላይ ያልለጠፈ አልነበረም። ጎርፍ መጣ ወይ የሚለው አፍ በዝቶ፣ ጎርፍ መጣ የሚለውን አፍ ዘጋው ማለት ነው። ስልኮቹ ልናገር ወይ፣ ልናገር ወይ፣ ልናገር ወይ ይላሉ፤ ማማው የቱን ሰምቶ የቱን ይተው።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ። ሳጥን አልናገርም አለ፣ ተራ ካልሰጡኝ። ተራ አልገኝም አለ፣ ስልኮች ካላረፉ።

ደብሪቱ ስልኮቹን እረፉ እንጂ አለቻቸው። ስልኮቹ፣ እኛ ዕቃ ነን፣ የያዘን ሰው ሲዘጋን ነው የምናርፈው አሉ። እሱም ልክ ነው።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ። ሳጥን አልናገርም አለ፣ ተራ ካልሰጡኝ። ተራ አልገኝም አለ፣ ስልኮች ካላረፉ። ስልኮች አናርፍም አሉ፣ ሰዎች ካልዘጉን።

ወደ ሰዎቹ ዞረች። ዝጉ አለቻቸው። ባለወፍጮው፣ የኔ አንዲት ስልክ ሰማዩን ታጣብባለች ወይ አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት፣ እሱ ይዝጋና እዘጋለሁ አለች። እሱ፣ እሷ ትዝጋ አለ። እንዲህ ሲባባሉ እንደገና ይደውላሉ። ደግሞ የሚደውሉት ሁሉም ለአንድ ሰው ነው፤ ለወርቅያንጥፉ። የገደሉን አፍ ከደጇ ሆና የምታይ፣ ስልክም የሚይዝላት እሷ ብቻ ናት። ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም። ይደውላሉ፤ ይጠራል፤ አይነሳም። እሷ ካላነሳች አንዘጋም አሉ፤ በርበሬያችን አሸዋ ላይ ነው።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ። ሳጥን አልናገርም አለ፣ ተራ ካልሰጡኝ። ተራ አልገኝም አለ፣ ስልኮች ካላረፉ። ስልኮች አናርፍም አሉ፣ ሰዎች ካልዘጉን። ሰዎች አንዘጋም አሉ፣ ወርቅያንጥፉ ካላነሳች።

ወርቅያንጥፉ ለምን አታነሳም? ስልኳ ተበላሽቶ አይደለም። ላሟ ሞታባት ነው። በኛ አገር የሰው ከብት ሲሞት ሄዶ እግዜር ይተካ ይባላል። አንዲት ቃል ናት፤ ስንቅ አትጠይቅ፣ ድግስ አትጠይቅ። ነገር ግን ላሟ የሞተችው በርበሬ ለቀማ ላይ ነበር። አንዱ ሌላው ሄዷል ብሎ ሲያስብ፣ ሌላውም አንዱ ሄዷል ሲል፣ ከታች ጠንበሬ አንድም ሰው ሳይሄድ ቀረ። እሷም በገበያተኛ ላከች፤ ለላሜ አንድ አፍ ያጣ አገር ለበርበሬው ሲሆን ይህን ሁሉ አፍ ከየት አመጣው፣ ይደውሉ፣ አላነሳም ብላ። ባለወፍጮው ይህን ለደብሪቱ ሲነግራት ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር።

አሳምረው አልነሳም አለ፣ ጡሩምባ ካልጮኸ። ጡሩምባ አልጮህም አለ፣ ማማ ካልነገረኝ። ማማ አልነግርም አለ፣ ሳጥን ካልነገረኝ። ሳጥን አልናገርም አለ፣ ተራ ካልሰጡኝ። ተራ አልገኝም አለ፣ ስልኮች ካላረፉ። ስልኮች አናርፍም አሉ፣ ሰዎች ካልዘጉን። ሰዎች አንዘጋም አሉ፣ ወርቅያንጥፉ ካላነሳች። ወርቅያንጥፉ አላነሳም አለች፣ ለላሜ ይተካ ካልተባለ።

ደብሪቱ ቁልቁል ወደ አሸዋው አየች። ዳሷ ከሩቅ እንደ እንጉዳይ ትታያለች። ከዳሷ ሥር የአሳምረው እግሮች ወጥተዋል፤ አልተንቀሳቀሱም። ሽቅብ አየች። ላይ ያለው ጥቁረት ወደ ገደሉ ወርዷል። ይተካ ለማለት በእግር ቢኬድ ይመሻል። በስልክ እንዳይባል አታነሳም። የቀረው የድሮው ነው፤ ከጋራ ጋራ መጣራት። በመካከል ባለው ጋራ ላይ እንድሪስ የሚባል ንብ የሚያነብ ሰው አለ። ከእሱ ወዲያ ላይ ጠንበሬ ነው።

ቋጥኝ ላይ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ኧረ እንድሪስ ሆይ!» አለች። አቤት እስኪላት ጠበቀች፤ ደንቡ እንዲያ ነዋ። አቤት የሚል የለም። ንፋስ ነው። «ኧረ እንድሪስ ሆይ!» ጠበቀች። አሁንም ንፋስ ነው። ሦስተኛ ልትጣራ አየር ስትስብ ዘይነባ ኮምፒውተሯን አስቀምጣ ተነሳች።

«እማማ፣ አቤቱን አይጠብቁ። ደንቡን ይተዉት። ነገሩን በሙሉ ይንገሩት፤ ከዚያ ይድገሙት፤ ከዚያ ይድገሙት። ንፋሱ በመጀመሪያው የነጠቀውን በሁለተኛው ይተውለት ይሆናል።»

«አቤት ሳይለኝ ዘልዬ ላውራ? ነውር አይደለም?»

«ጎርፍ መቼ አቤት ይላል?»

ደብሪቱ ቆማ ለቀቀችው። ለወርቅያንጥፉ ስለ ላሟ እግዜር ይተካልሽ ብሎሻል የታች ጠንበሬ ሰው በልልኝ አለች። ሳትጠብቅ ደገመችው። ወደ ቀኝ ዞር ብላ፣ በዚያ በኩል ንፋሱ ቢሰንፍ ብላ ደገመችው። ወደ ግራ ዞራ ደገመችው። ድምጿ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ደገመችው።

እንድሪስ ቀፎ ሲያጥን ነበር። በመጀመሪያው የሰማው ወርቅያንጥፉ የሚለውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ምንም። በሌላው ላሟ የሚል መጣለት። በሌላው ደግሞ ይተካ። አንዱንም ሙሉ አልሰማም፤ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ነገሩን አገኘው። ሞኝ አይደለም። ዞር ብሎ ለላይ ጠንበሬ እሱም እንዲያው ለቀቀው፤ አንዴ ብሎ አልቆመም።

ወርቅያንጥፉ ደጇ ላይ ፊቷን ከገደሉ አዙራ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ጉልበቷ ላይ እየጮኸ። ከጋራው የመጣውን ሰማች። የሚናገረው ሰው እንደገና እስኪል ጠበቀች፤ እንደገና አለ። መሰማቱን ስታረጋግጥ፣ ጎረቤቷም መስማቷን በዓይኗ ስታረጋግጥ፣ «አሜን። ለናንተም አይንካባችሁ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ ዞር ስትል ገደሉን አየችው። ውሃው ጭቃ መስሎ፣ ግንድ ተሸክሞ እየገባ ነው። ስልኳን አነሳች። የደወለው ባለወፍጮው ነበር። ሰላምታውን አልተቀበለችውም።

«ውሃው አልፎኛል። ወሬውን ትተህ ሰዉን አስነሳ» ብላ ዘጋችበት።

ባለወፍጮው ይህን ኮረብታው ላይ ሲናገር፣ ሁሉም ስልኩን ኪሱ ከቶ ቁልቁል ፈሰሰ።

ይተካ ሲባል ወርቅያንጥፉ አነሳች። ወርቅያንጥፉ ስታነሳ ሰዎች ዘጉ። ሰዎች ሲዘጉ ስልኮች አረፉ። ስልኮች ሲያርፉ ተራ ተገኘ። ተራ ሲገኝ ሳጥን ተናገረ። ሳጥን ሲናገር ማማ ነገረ። ማማ ሲነግር ጡሩምባ ጮኸ። ጡሩምባ ሲጮህ አሳምረው ተነሳ።

ተነሳ ሲባል ግን አንድ ጉልበቱን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ ነው። ደብሪቱ ሮጣ አፋፉ ላይ ስትደርስ ፍጠን ልትለው አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ጮኻ ጨርሳዋለች። ጡሩምባው ነው በእሷ ፋንታ የሚጮኸው። ሰዉ ሰሌኑን በአራት ማዕዘኑ እየያዘ በርበሬውን ወደ አፋፉ ያወጣል። ሁለት ጎረምሶች አሳምረውን ብብቱን ይዘው አነሱት። በርበሬዬንስ አላቸው። ተሸክመውት ሮጡ። አፋፉ ላይ ሲያስቀምጡት ውሃው መጣ፤ እሱ የተኛበትን ቦታ አልፎ ሄደ።

አሳምረው በራሴ ነው የተነሳሁት ይላል። ዳሱን ውሃ ወሰደበት፤ በርበሬው የተሰጣበት አንድ ሰሌንም አብሮ ሄደ። ሌላ ዳስ ቀልሷል፤ አሁን አፋፉ ላይ ነው።

የታች ጠንበሬ ሰው ወደ ወርቅያንጥፉ ወጥቶ ይተካውን በአካል አለ። ላሟ አልተተካችም፤ እሷ ግን ስልክ ታነሳለች።

ሰዉ ላይ ሲጠቁር አሁንም ኮረብታውን ወጥቶ ይደውላል።

ዘይነባ ሴትዮዋን አቤት አትጠብቂ ያልኳት እኔ፣ ሳጥኑን ጠብቅ ያልኩት እኔ አለችና ገደሉ አፍ ድረስ ወጥታ አሠራሩን ለወጠችው። ሳጥኑ አሁን ልናገር ወይ አይልም። ውሃ ሲያይ በቀጥታ ይናገራል፤ ሳይጠብቅ ይደግመዋል፤ የሚደግመውም በአየሩ ላይ በሌላ በሌላ መንገድ ነው። ማማው ከየመንገዱ የደረሰለትን ገጣጥሞ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ መጥቷል፤ ኮረብታው ሰው ሞልቶበት እያለ ጡሩምባው ቀድሞ ጮኸ።

እንድሪስን ያን ቀን ንብ ነደፈው።

የደብሪቱ ድምፅ ተዘጋ። እስካሁን አልተከፈተም፤ ለአልጣሽም ይህን ሁሉ የነገረቻት በሹክሹክታ ነው።